ሆድ ይፈጀዋል እንዴ?

አክስቴ በአንድ የጫማ ክር አስራ ነጠላዋ ጫፍ ላይ የምትቋጥራቸው ሁለት ቁልፎች አሏት። አንዱ ከከተማው ዳር የደረሳት ኮንዶሚኒየም ቁልፍ ነው። ሌላው የካዛንቺሱ ቤቷ ነው። የካዛንቺሱ በር ከነመቃኑ፣ ከነግድግዳው፣ ከነሰፈሩ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በኮሪደር ልማቱ ፈርሷል፤ ቁልፉ ግን እስከ ዛሬ አልተጣለም። ባለፈው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እያረፈች ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ወጣች፣ ክሩን ፈታች፣ ቁልፍ ከተተች፣ አዞረች። እምቢ አላት። ነቅንቃ ነቅንቃ ሲያቅታት "ይሄ በር ደግሞ አመል አወጣ" አለች። በሩ ምንም አመል አላወጣም። የከተተችበት የካዛንቺሱን ቁልፍ ነው።

"እትዬ፣ እሱ እኮ የድሮው ነው" አልኳት።

"ውይ በሞትኩት! ልማድ እኮ ነው ሆዴ" ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ።

ማታ ቤቴ ገብቼ ግን ነገሩ ከነከነኝ። አዲሱ ቤት ከገባች ዓመት አልፏታል። ሁለቱ ቁልፎች ደግሞ በጭራሽ አይመሳሰሉም፤ አንዱ እንደ ጣት የረዘመና የዛገ፣ ሌላው አጭርና የሚያብለጨልጭ ነው። ጨለማ ውስጥ እንኳን በዳሰሳ ይለያሉ። ልማድ ሊሆን ይችላል። ልማድ ብቻ ባይሆንስ?

ሲግመንድ ፍሮይድ ይህችን ትዕይንት ቢያይ ደስታውን አይችለውም ነበር። በ1901 (ዓ.ም. ካላልኩ የፈረንጆቹ ዘመን ነው) ስለ ዕለት ተዕለት ስህተቶቻችን ባወጣው ሥራው ውስጥ ስለ ቁልፍ አውርቷል። በሽተኞቹን ቤታቸው ድረስ እየሄደ ያይ በነበረበት ጊዜ፣ አንዳንድ ቤት ሲደርስ በር እንደ ማንኳኳት የራሱን ቤት ቁልፍ ከኪሱ መዞ ራሱን ያገኘዋል። አፍሮ ይመልሰዋል። ልብ ብሎ ሲያጤነው ታዲያ ይህ የሚገጥመው በየበሩ አልነበረም፤ እንደ ቤቱ በሚያያቸው ቤቶች ደጃፍ ላይ ነው እንጂ። አፉ ያላለውን እጁ እያለው ነበር። የአክስቴ ደግሞ ግልባጩ መሆኑ ነው። አፏ "ቤቴ ገባሁ" ይላል፣ እጇ "ይሄ ቤቴ አይደለም" ይላል።

የኛም አባቶች እንዲህ ያለውን ስህተት በቀላሉ አያልፉትም። "የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም" ሲሉ፣ አንዴ ያመለጠ ቃል ሳይታሰብ የተወረወረ ባዶ ድምፅ ነው ብለው አላመኑም ማለት ነው። ያዳለጠው ምላስ ነው፤ የወጣው ነገር ግን ከሆነ ቦታ መጥቷል። ከየት?

ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ጄኔራል ሳይኮሎጂ የወሰደ ሁሉ ለዚህ ጥያቄ አንድ ስዕል አለው፤ ባሕር ላይ የሚንሳፈፍ የበረዶ ተራራ። ጫፉ ንቁው አእምሮ፣ ከውኃው በታች ያለው ግዙፉ ክፍል ደግሞ ስውሩ። እውነቱን ለመናገር ይህን ስዕል ፍሮይድ በታተሙ ሥራዎቹ ውስጥ አልተጠቀመበትም፣ ሌሎች ናቸው የለጠፉበት። እኔም ብሆን ባሕር ላይ የሚንሳፈፍ በረዶ አይቼ አላውቅም። የማውቀው በረዶ ክረምት ላይ የጨርቆስን ቆርቆሮ የሚደበድበውን ነው። (ካርታው ላይ ቂርቆስ ይባላል፤ ሰፈሩ ውስጥ ያደገ ሰው ግን ጨርቆስ ነው የሚለው።) ስዕሉ የሚያሳስተው ደግሞ በረዶው ዝም ብሎ የሚንሳፈፍ መሆኑ ላይ ነው። ማንም አይገፋውም፣ ማንም አይከለክለውም። የፍሮይድ ሐሳብ ዋናው ነጥብ ግን ክልከላው ነው።

እሱ ራሱ በ1916 እና በ1917 ባሳተማቸው ትምህርቶቹ ላይ የተጠቀመበት ምሳሌ ለካዛንቺስ ሰው ይቀርባል። ሁለት ክፍሎችን አስቡ ይላል። አንደኛው ሰፊ የመግቢያ አዳራሽ ነው፤ ምኞቱ፣ ፍርሃቱ፣ ቂሙ ሁሉ እዚያ ይጋፋል። ከሱ ቀጥሎ ጠበብ ያለ ሳሎን አለ። በሁለቱ መካከል ባለው በር ላይ ዘበኛ ቆሟል። እያንዳንዱን ይመረምራል፣ ያላማረውን ይመልሳል፣ ሾልኮ የገባውንም አንገቱን ይዞ ያስወጣዋል። ሳሎን የገባ ሁሉ ወዲያው አይታይም፤ ከሳሎኑ ማዶ የተቀመጠው ንቃተ ህሊና ዞር ብሎ እስኪያየው ይጠብቃል። እንግዲህ አዳራሹ ስውሩ አእምሮ ነው፣ ሳሎኑ ቅድመ ንቁው፣ የተመለከተው ዓይን ደግሞ ንቁው። በየሆቴሉ በር ላይ እጁን ዘርግቶ ሲፈተሽ ለኖረ ከተሜ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ከየት ይመጣል?

ቅድመ ንቁውን ለማወቅ ከካዛንቺስ ስም የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ታክሲ ላይ ረዳቱ "ካዛንቺስ! ካዛንቺስ!" ሲል ስንሰማ ስለ ጣሊያን የምናስብ ስንቶቻችን ነን? ስሙ ግን የጣሊያን ነው። በወረራው ዓመታት፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ፣ ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት የሚሠራው ተቋም ምህጻረ ስም ኢንቺስ ነበር። ቤቶቹ የኢንቺስ ቤቶች ተባሉ፣ በነሱ አፍ ካዛ ኢንቺስ፣ በኛ አፍ ካዛንቺስ። "ካዛ" ቤት ማለት ነው። በዚያው ክፍለ ከተማ ለገሃር የፈረንሳይኛው ባቡር ጣቢያ ነው። ይህን ያልሰማ ሰው ካለ አሁን ሰማ፣ ምንም አላመመውም፣ ምንም አልተቃወመም፣ "አሃ" ብሎ አለፈ። ቅድመ ንቁ ማለት ይኸው ነው። ሳሎን ውስጥ ተቀምጦ ዞር ብሎ የሚያየው ሰው እስኪመጣ የሚጠብቅ ነገር። የረሳችሁት የስልክ ቁጥር፣ የአራተኛ ክፍል መምህራችሁ ስም፣ ሁሉም እዚያ ነው።

የአዳራሹ ነገር ግን ሌላ ነው። እዚያ ያለው ሲጠሩት አይመጣም። ጭራሽ ስሙን ሲጠሩለት ባለቤቱ ይቆጣል፣ ወሬ ይቀይራል፣ ይስቃል፣ "ልማድ እኮ ነው" ይላል።

አማርኛ ለዚህ ቃል አላጣም የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። "ሆድ" አለን ይላሉ። ሆድ ምስጢር መያዣ ነው፤ "በሆዴ ያዝኩት" እንላለን፣ ቅሬታ ሲሰማን ሆድ ይብሰናል፣ ስንጠራጠር ሆዳችን አይቆርጥም፣ የምንወደውን ሰው "ሆዴ" ብለን እንጠራለን። የማይነገር ነገር ሲገጥመን ደግሞ "ሆድ ይፍጀው" ብለን እንዘጋዋለን። ሐሳቡ ደስ ይለኛል፣ ግን ግማሽ መንገድ ብቻ ነው የሚወስደን። ነገር በሆዱ የያዘ ሰው የያዘውን ያውቃል። መናገር ስላልፈለገ ነው ዝም ያለው። ፍሮይድ ማፈን የሚለው ከዚህ አንድ ደረጃ ይጠልቃል፤ ሰውዬው ከጎረቤቱ ብቻ ሳይሆን ከራሱም ደብቋል፣ መደበቁንም ረስቷል። ሁለተኛው ልዩነት ይብሳል። "ሆድ ይፍጀው" ስንል ሆድ እንደ ምድጃ ያቃጥለዋል፣ አመድ ይሆናል፣ ያልቃል ብለን ተስፋ አድርገን ነው። ፍሮይድ አርባ ዓመት ያህል የተከራከረው ሆድ አይፈጀውም ብሎ ነው። በአንድ በኩል የተመለሰ ነገር በሌላ በኩል ይመጣል፤ በህልም፣ በምላስ፣ በእጅ፣ ሐኪም ምክንያቱን ባጣለት የወገብ ሕመም።

እዚህ ላይ አንድ ንዴቴን ላውጣ። በየአዳራሹ ቲኬት እየተሸጠ፣ ቲክቶክ ላይም በነፃ፣ "ድብቅ አእምሮህን እዘዘው" የሚል ስብከት ከተማውን ሞልቶታል። ጠዋት ተነስተህ መስታወት ፊት "ሀብታም ነኝ" በል፣ ማታ ስትተኛ ድገመው፣ ድብቁ አእምሮህ ተቀብሎ ይፈጽመዋል። አንዳንዱ ተናጋሪ ጭራሽ የፍሮይድን ስም ይጠራል! ሰውዬው ያለው የዚህን ተቃራኒ ነው። "ሰብኮንሺየስ" የሚለውን ቃል ራሱ ያሳስታል ብሎ አልወደደውም። ስውሩ አእምሮ ታዛዥ ሎሌ ቢሆን ኖሮ ሥራ ባልኖረው ነበር። እኔ የምንለው ነገር በገዛ ቤቱ ውስጥ ጌታ አይደለም ብሎ ነው ዓለምን ያስቀየመው። ሎሌ የምትሉት እሱ የቤቱ ካርታ በስሙ ነው፣ እኛ ተከራይ ነን። ተከራይ ደግሞ አከራዩን በመስታወት ፊት ትዕዛዝ አይሰጠውም።

በ1923 ፍሮይድ የራሱን ስዕል ከለሰው፤ ምክንያቱም የሚገርም ነው። ያ ዘበኛ አስቸገረው። በሽተኞቹ አንድ ነገር ሲከለክሉ መከልከላቸውን ራሱ አያውቁትም። ስለዚህ የታፈነው ብቻ ሳይሆን የሚያፍነውም ከስውሩ ወገን ነው ማለት ነው፤ ዘበኛው ዘበኛ መሆኑን የማያውቅ ዘበኛ ነው። "ንቁ" እና "ስውር" የሚለው መደብ ብቻውን አልበቃ አለው። ያኔ ነው ኢድ፣ ኢጎ፣ ሱፐር ኢጎ የሚባሉት ሦስቱ የመጡት።

እነዚህ ስሞች ደግሞ የሱ አይደሉም፣ የእንግሊዝኛ ተርጓሚዎቹ የላቲን ካባ ናቸው። በጀርመንኛ የጻፋቸው ሕፃን የሚያውቃቸውን ቃላት ነው፤ ስም የሌለውን ነገር የሚያመለክት ተራ ተውላጠ ስም፣ "እኔ"፣ እና "ከእኔ በላይ"። ዛሬ አዲስ አበባ ላይ "ኢጎው ከባድ ነው" ሲባል ትዕቢተኛ ነው ማለት ሆኗል። ፍሮይድ ዘንድ ግን ኢጎ ምስኪን ነው፤ ከታች በምኞት፣ ከላይ በወቀሳ፣ ከውጭ በኑሮ ውድነት የሚጨነቅ፣ ሦስት አለቃ ያለው ተላላኪ። አማርኛ እዚህ ላይ ከላቲኑ ሳይሻል አይቀርም። ሰው ያልጠበቀውን ነገር አድርጎ ሲገኝ "አንዳች ነገር ገፋፋኝ" ይላል። ኢድ ማለት ያ "አንዳች ነገር" ነው፣ ባለቤቱ እኔ ብሎ የማይቀበለው የራሱ ጉልበት። ከላይ የሚወቅሰውስ? ቅርቡ ዘመዱ ይሉኝታ ነው። ይሉኝታ በቃሉ ሲፈታ የሌሎች አፍ ነው፤ ምን ይሉኛል። ልጅ ሳለን ያ አፍ የእናታችን ነበር፣ የጎረቤት ነበር፣ የየኔታ ነበር። እያደር ወደ ውስጥ ገብቶ ቤት ይሠራል። ማንም በሌለበት ክፍል ውስጥ ብቻችንን ተቀምጠን ስናፍር፣ ያኔ ይሉኝታ መሆኑ ቀርቶ የፍሮይድ "ከእኔ በላይ" ሆኗል።

ወደ አክስቴ በር ልመለስ።

የካዛንቺሱ ቤቷ የቀበሌ ቤት ነበር። ሁለት ክፍል፣ የጭቃ ግድግዳ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ባልዲ የሚደቀንበት ጣሪያ። ሽንት ቤቱ የግቢው የጋራ ነው፤ ማታ ማታ ባትሪ ይዘው ነው የሚወጡት። አዲሱ ቤቷ የራሱ ሽንት ቤት፣ የራሱ ኩሽና አለው። የመጣ እንግዳ ሁሉ ገና ጫማውን ሳያወልቅ "እንኳን ደስ ያለሽ" ይላታል። ደስ ይበላት እንጂ! እሷም "ተመስገን" ትላለች፣ ተመስገኗም የምሯ ነው። ይህ ጽሑፍ ኮሪደሩ ይሠራ አይሠራ የሚል ክርክር እንዲመስል አልፈልግም፤ ለዚያ ሌላ ቀንና ሌላ ጸሐፊ አለ።

የኔ ጥያቄ ጠባብ ነው። ይህቺ ሴት ለዚያ ለሚያፈስ ጭቃ ቤት ማልቀስ ብትፈልግ የት ታለቅሳለች? ሽንት ቤት ባለው ቤት ተቀምጦ ሽንት ቤት ለሌለው ቤት ማንባት ምን ያስብላል? ምስጋና ቢስ ያስብላል፣ ጥጋብ ያስብላል፣ እግዜርን መፈታተን ያስብላል። ይህን ማንም አላላትም። ማለትም አያስፈልገውም፤ ዘበኛው ውስጧ ነው። ሀዘኑ አዳራሹን አቋርጦ በሩ ላይ ሲደርስ "አንተ ደግሞ ወዴት? እዚህ የደስታ ቤት ነው" ተብሎ ይመለሳል። እሷ መጥቶ መመለሱን እንኳን አላየችም። እጇ ግን አየ።

ሰው ሲሞት ድንኳን እንተክላለን። ሦስት ቀን እንቀመጣለን፣ እድሩ ወንበርና ብርጭቆ ያመጣል፣ አርባው ይወጣል፣ ሰማንያው ይወጣል፣ ሙት ዓመቱ ይታሰባል። አስተዛዛኝ "እግዜር ያጽናሽ" ሲል ለማልቀስ ፈቃድ እየሰጠ ነው። ሰፈር ሲሞት ግን እድሩም አብሮ ነው የሚበተነው። ማን ድንኳን ይትከል? በ1917 ፍሮይድ ስለ ሀዘን የጻፈው አጭር ጽሑፍ አለው፤ ሰው የሚያዝነው ለሞተ ሰው ብቻ አይደለም፣ ለአገርም፣ ለነፃነትም፣ ለዓላማም ያዝናል ይላል። ሀዘኑ ወጥቶ ሲታዘን ቀስ በቀስ ያልቃል። ሳይታዘን ሲቀር ደግሞ ወደ ራስ ይዞራል። ሰውየው ይደበዝዛል፣ ምን እንደሆነ ሲጠየቅ መልስ የለውም፤ አንድ ነገር እንዳጣ ያውቃል፣ ከዚያ ነገር ጋር ምን አብሮ እንደሄደበት ግን አያውቅም። አክስቴ ሁለት ክፍል ቤት እንዳጣች በደንብ ታውቃለች። ካሳው የተሰላውም ለሱ ነው። ከሁለቱ ክፍሎች ጋር የሄደው ምን እንደሆነ ግን የሚሞላ ፎርም አልነበረም።

አሁን ደግሞ ራሴን ላስቁም። እኔ የአክስቴ ሐኪም አይደለሁም። ስለሷ የጻፍኩት ሁሉ ስህተት ሊሆን ይችላል። ፍሮይድ ራሱ በ1910 እንዲህ ያለውን ድፍረት ተቃውሞ ጽፏል፤ ሁለት መጽሐፍ አንብቦ ለሰው ፊት ለፊት "ችግርህ ይሄ ነው" የሚለውን ሰው ዱር እንዳደገ ተንታኝ አድርጎ ነው ያየው። የኛ ትውልድ ደግሞ በዚህ አይታማም። ጓደኛችን ከተቆጣ "ፕሮጀክት እያደረግክ ነው"፣ ከካደ "ዲናያል ውስጥ ነህ"፣ ዝም ካለ "ትራውማ አለብህ"። ካርል ፖፐር ፍሮይድን የከሰሰው በዚሁ ነው፤ የትኛውም የሰው ጠባይ ቢመጣ ለማብራራት የተዘጋጀ ሐሳብ በምን ይፈተናል? አዎ ካልክ ትክክል ነኝ፣ አይ ካልክ አፍነኸዋል። ክሱ ከባድ ነው። የዛሬዎቹ ተመራማሪዎችም አብዛኛው የአእምሯችን ሥራ ከንቃት ውጪ እንደሚከናወን ይቀበላሉ እንጂ፣ ፍሮይድ እንደሳለው እየታፈነ የሚጮህ አዳራሽ ስለመኖሩ አይስማሙም። ስለ ሴቶች የጻፋቸውን አንዳንድ ነገሮችማ ዛሬ ለአክስቴ ባነብላት በነጠላ ጫማዋ ነው የምታባርረኝ።

እንዲህም ሆኖ አንድ ነገር አልጥልለትም። በ1930 በወጣው መጽሐፉ መጀመሪያ ላይ አእምሮን በከተማ ሊመስለው ይሞክራል። የመረጣት ከተማ ሮም ናት። (ካዛንቺስን ስም ያወጣችላት ሮም! ግጥምጥሞሹን አልፈጠርኩትም።) አንዴ የተሠራ ምንም የማይፈርስባትን ሮም አስቡ ይለናል፤ የጥንቱ ቤተ መንግሥትና የዛሬው ሕንጻ በዚያው በአንዱ ቦታ ላይ ሳይገፋፉ አብረው ቆመው ይታያሉ፣ ተመልካቹ ዓይኑን ዞር ሲያደርግ አንዱን ወይ ሌላውን ያያል። ይህን ከሳለ በኋላ ምሳሌውን ራሱ ይተወዋል። እውነተኛ ከተማ እንዲህ አይሆንም፤ አንድ መሬት ሁለት ቤት አይሸከምም፣ ጦርነት ያልነካው ከተማ እንኳን ያፈርሳል፣ ይተካል። ያለፈው ሁሉ ሳይጠፋ የሚኖረው አእምሮ ውስጥ ነው።

ይህን በጻፈ በስምንተኛው ዓመት እሱም ቤቱን ለቀቀ። ቪየና ውስጥ በርግጋሰ በሚባል መንገድ በቁጥር 19 ከ1891 ጀምሮ የኖረበት ቤት ነበር። በ1938 ናዚዎች ኦስትሪያን ሲይዙ የ82 ዓመት ሽማግሌ ሆኖ፣ በመንጋጋ ካንሰር እየተሰቃየ፣ ወደ ለንደን ተሰደደ። ዕቃው ተከትሎት ሲደርስ ቤተሰቡ ጠረጴዛውን፣ ያንን ሶፋውን፣ ሲሰበስባቸው የኖሩትን ጥንታዊ ቅርጻ ቅርጾች እንደ ቪየናው አድርገው ደረደሩለት። በ1939 እዚያው ሞተ። አእምሮን አርባ ዓመት የመረመረ ሰው በአዲስ ቤት ውስጥ የድሮውን ቤት አሠርቶ ሞተ ማለት ነው። አክስቴም አዲሱ ሳሎን ውስጥ ቡፌውን መስኮቱን ግማሽ እንዲጋርድ አድርጋ ነው ያስቀመጠችው። ካዛንቺስ በዚያ ጎን መስኮት አልነበረም።

ሶፋ ላይ ተጋድሞ በሳምንት አራት አምስት ቀን የሚወራበት ሕክምና ለአክስቴ የሚደርስ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪሞችን እዚሁ ማሠልጠን የጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ውጭ አገር ሄደው ነበር የሚማሩት። ያሉትም ሐኪሞች ከነሱ በፊት ሊያዩአቸው የሚገቡ የባሰባቸው ብዙ ሰዎች አሏቸው። እሷ የነበራት ሕክምና ቡና ነው። ካዛንቺስ ግቢ ውስጥ አራት ሴቶች በየተራ ያፈሉ ነበር። ልጅ ሆኜ ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ ፈንዲሻ እየበላሁ አዳምጥ ነበር። አቦል ላይ የሽንኩርት ዋጋ ይወራል። ቶና ላይ ሰው ይታማል። በረካው ሲደርስ ቡናው ቀጥኖ፣ ከሰሉ አመድ ለብሶ፣ አንዷ ሳታስበው የጀመረችው ወሬ መሀል ላይ ድምጿ ይሰበራል፤ የሌሎቹም ሲኒ ባለበት ይቆማል። ማንም "ትራውማ" አይልም። "አይዞሽ፣ ወይኔ እህቴ" ነው የሚባለው። ዛሬ ከአራቱ አንዷ በአንድ ዳር ናት፣ ሌላዋ በሌላ ዳር፣ አንዷ ልጇ ጋ ክፍለ ሀገር ገብታለች። ለመገናኘት ሦስት ታክሲ ነው። አክስቴ አሁን ቡናዋን የምታፈላው ለብቻዋ ነው፣ አንድ ዙር ብቻ። እኔ እሁድ እሁድ ካልሄድኩ በስተቀር።

ባለፈው እሁድ ከቁልፉ በኋላ ቡና አፈላች። እኔ አቦል ጠጥቼ የምሮጥ ሰው ነኝ፤ ያን ቀን ግን ተቀመጥኩ። በረካ ላይ፣ ከሰሉን በመቆስቆሻ እየነካካች፣ "ህልም አየሁ ደግሞ" አለች።

"ምን አየሽ?"

"ግቢያችንን። ካዛንቺስ። ስጠርግ። ታዲያ ሽንት ቤቱ ይሄኛው ነው።" በአገጯ ወደ ኮንዶሚኒየሙ ሽንት ቤት ጠቆመች። "ነጩ፣ ባለ ውኃው፣ እዚያ ግቢያችን መሀል! እነ እንትናም አሉ፣ ሁሉም አሉ። ተሰልፈው ይጠቀማሉ።" ሳቀች። ከዚያ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች፤ "ይሄ ጭስ" አለች። ከሰሉ አመድ ሆኗል፣ ጭስ አልነበረውም።

ህልም እንደ ፈቺው ነው ይባላልና አልፈታሁትም። በአንድ መሬት ላይ ሁለት ቤት ማቆሟን አልነገርኳትም፤ ስለ ሮምም አላወራሁም። የመጣልኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር።

"በህልምሽ ቁልፉ አብሮሽ ነበር፣ እትዬ?"

ነጠላዋ ጫፍ ላይ ያለውን ቋጠሮ በጣቷ ዳበሰች።

"የቱ?" አለችኝ።